ሞተሩን ስትሰጡን አንድ ቅዳሜም ጨምሩበት

ዛሬ ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል። ሞተር የምትነዱ፣ ሞተር የሚነዳ ልጅ ወይም ባል ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ለሠራተኛ ሞተር የምትሰጡ ኃላፊዎች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥቅምት ላይ የሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል። እቁብ ደርሶኝ አሮጌ ሞተር ገዝቼ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከመርሳ ተነስቼ ቤተሰብ ጥየቃ ወደ ገጠር ስሄድ፣ ጠጠር መንገድ ላይ አንድ ኩርባ ስዞር ጭነት የያዙ ሦስት አህዮች መንገዱን ሞልተውት አገኘኋቸው። ደነገጥኩ። የፊቱን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ ጨበጥኩት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩን ነው። ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ።

የአህዮቹ ባለቤት አንድ ሽማግሌ አባት ናቸው። ደግፈው አስቀምጠውኝ፣ ውሃ አጠጥተውኝ፣ አይዞህ አብሽር ብለውኝ ሲያበቁ ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይቺን ነገር ማን አስተማረህ?» አሉኝ። «ራሴ ነኝ የለመድኩት» አልኳቸው። «እኛ እኮ በቅሎ እንኳ ስንገዛ ለልጅ ዝም ብለን አንሰጥም። መጀመሪያ ሜዳ ላይ አብረነው እንሮጣለን» አሉኝ።

ጄሶ አሥረውልኝ ስድስት ሳምንት በግራ እጄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቼ የእኔን «F = ma» ማንበብ አቅቷቸው ሲስቁ ከረሙ። የፊዚክስ መምህር ነኝ እንግዲህ! ስለ ሰበቃ ኃይል ለስንት ዓመት አስተምሬ ሰበቃ የጣለኝ ሰው ነኝ።

የሚያናድደኝ መውደቄ አይደለም። ሞተር የሚነዳ ሰው ይወድቃል። የሚያናድደኝ መንጃ ፈቃድ ይዤ፣ ሦስት ዓመት ነድቼ፣ ጠጠር ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኝ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁት ደልዳላ ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር ዞሬ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምንት ቁጥር የሆነ መንገድ አጋጥሞኝ አያውቅም።

እስቲ አገራችንን እዩዋት። ከውርጌሳ በመርሳ፣ በሲሪንቃ አድርጎ ወልድያ የሚገባው አስፋልት አንድ መስመር ነው። ሀብሩ ግን አንድ መስመር አይደለችም። በአንድ በኩል ደጋውን ተደግፋ በሌላ በኩል ወደ አፋር ቆላ ትወርዳለች። ከአስፋልቱ ግራ ወይም ቀኝ በተገነጠላችሁ ቁጥር ጠጠር፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ወንዝ ነው። የግብርና ባለሙያው የሚሄደው እዚያ ነው። ክትባት በበረዶ ሳጥን አንጠልጥሎ የሚወጣው ጤና ሠራተኛ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ የክላስተር ሱፐርቫይዘሩ፣ ሕመምተኛ አፍናጥጦ የሚመጣው ባለሞተር ልጅ፣ ሁሉም የሚሠራው እዚያ ነው። ከአስፋልት ውጭ መንዳት ለፈረንጅ የእረፍት ቀን መዝናኛ ነው። ለእኛ የደመወዝ ሥራ ነው። ለመዝናኛ የሚነዳው ሥልጠና ሲወስድ ለእንጀራ የሚነዳው በግምት ይሄዳል።

መዝናኛ ካልኩ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ኢዋን ማክግሬገር የሚባለው የፊልም ተዋናይና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን በሞተር ሲወርዱ በእኛም አገር አልፈዋል። ፊልሙን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ከኋላቸው መኪና፣ የሕክምና ባለሙያ፣ ገንዘብ ሁሉ ነበር። ቦርማን ከዚያ በፊት በ2006 ዳካር ውድድር ገብቶ ወድቆ እጆቹ ተጎድተው ከውድድሩ ወጥቷል። ይህን የማወራው ሥልጠናና ዝግጅት ያለው ሰው እንኳ ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር ቀልድ እንደሌለው ለማሳየት ነው። የእኛ ልጅ ግን በሸበጥ ጫማ፣ ያለ ሄልሜት፣ ከኋላው ሁለት ሰው ጭኖ «ለምጄዋለሁ» ይላል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ሌላ ነው። ራይደርስ ፎር ሄልዝ የሚባል ድርጅት አለ። መሥራቾቹ ከሞተር ውድድር ዓለም የመጡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ጎረቤታችን ሶማሊያ ሄደው ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተሮች በትንሽ ብልሽት ተጥለው አዩ። ሞተር መስጠት ብቻውን ሥራ እንዳልሆነ የገባቸው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሶቶን በመሳሰሉ አገሮች የጤና ሠራተኞችን በመጥፎ መንገድ ላይ መንዳትንና ሞተራቸውን በየቀኑ መፈተሽን ማሠልጠን ጀመሩ። ሌሶቶ ደግሞ እንደ እኛው ተራራ ናት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰባት ሆነን አንድ ቅዳሜ ለራሳችን ልንሰጥ ነው። ሦስት መምህራን፣ ሁለት የግብርና ባለሙያዎች፣ አንዲት ጤና ሠራተኛ፣ አንድ ባለሞተር ልጅ። የሚያሠለጥነን ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነው። በፊዚክስ ብዙም አልነበረም፣ እውነቱን ልናገር። በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሹፌርና መልእክተኛ አድርጎ ቀጥሮት የበርካታ ቀን የሞተር ሥልጠና ሰጠው። ዛሬ አሸዋ ላይ ቆሞ ሲነዳ ብታዩት ውሃ ላይ የሚሄድ ይመስላል። «ቲቸር፣ እኔ አንተን ላስተምር?» ብሎ አፈረ። እኔም በሆዴ አፍሬ ነበር። ግን ያኔ እሱ ካልገባው እጁን እንዲያወጣ የምገሥጸው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ተራው የኔ ነው።

ስለዚህ ለዚያ ቀን የመጀመሪያው ዝግጅት ኩራትን ቤት ጥሎ መምጣት ነው። አሥር ዓመት የነዳ ሰው ዘጠኝ ዓመት ተኩል ያንኑ ስህተት ሲደግም ኖሮ ሊሆን ይችላል። ሌላውን ዝግጅት እንደሚከተለው አዘጋጅቻለሁ፤ ሌላም ቦታ ተሰብስባችሁ ማድረግ ለምትፈልጉ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ አካል። ከዋዜማው በጊዜ መተኛት ነው። ዓርብ ማታ ለቅሶ ወይም ሠርግ ያደረ ሰው ቅዳሜ ባይመጣ ይሻላል። ቁርስ ይበላ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ይያዝ። የመርሳን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። ጾም የያዘ ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ውሃ ሳይጠጣ ቀኑን ሙሉ ሞተር ሲያነሳ መዋል አይችልምና ቀኑን በዚያ አስተካክለን እንመርጣለን።

ሁለተኛ፣ ልብስ። ሄልሜት የግድ ነው፣ አገጭ ሥር መታሠሩም የግድ ነው። ያልታሠረ ሄልሜት ከሰውየው ቀድሞ ይወርዳል። ጫማ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ከስክስ ያለው ከስክስ ያድርግ። ወፍራም ጂንስና ረጅም እጅጌ። የእጅ ጓንት ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ የቆዳውን ግዙ፣ ብዙ አያስወጣም። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰድደው መዳፉን ነው፣ እኔን ጠይቁኝ። ለጉልበት ልዩ መከላከያ የለንም፤ ከትምህርት ቤት የስፖርት ክፍል የቮሊቦል ጉልበት መከላከያ እንዋሳለን። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የሚንጠለጠል ጋቢ ግን ካቴና ውስጥ ይገባልና ቤት ይቅር።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንጂ ቅዳሜ ጠዋት አይደለም የሚታየው። ቅዳሜ ጠዋት የተገኘ ብልሽት ቅዳሜን ይበላል። ዘይቱን እዩ። ካቴናው ከመሃሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነካ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀስ፤ በጣም የተወጠረም የላላም ችግር ነው። የፊትና የኋላ ፍሬን በየብቻው ይሞከር። የፍሪሲዮኑ ሽቦ መበጣጠስ ጀምሮ እንደሆነ እዩ። ብሎኖችን ሁሉ በቁልፍ ንኩ፣ ጠጠር መንገድ ብሎን ይፈታል። መለዋወጫ ካንዴላ፣ ትንሽ ሽቦ፣ የጎማ መንፊያ ይያዝ። ስፖኪዮ ለዕለቱ ይፈታ፣ አንደኛ ውድቀት ላይ የሚሰበረው እሱ ነው። የጎማ ንፋስ ለአሸዋና ለጠጠር ትንሽ ይቀነሳል፤ ጎማው ሰፋ ብሎ መሬቱን እንዲይዝ። ብዙ ከቀነሳችሁ ግን ድንጋይ ላይ ውስጠኛውን ጎማ ትበሱታላችሁ። ወደ አስፋልት ከመመለሳችሁ በፊት ንፋሱ ይመለስ።

አራተኛ፣ ቦታ። የምንፈልገው አዝመራ የሌለበት፣ ገበያተኛ የማያልፍበት፣ ሜዳውም ጠጠሩም አሸዋውም ያለበት ቦታ ነው። የደረቀ ወንዝ ዳር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የእኛን ወንዞች ታውቃላችሁ። መርሳ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ደጋው ላይ ዘንቦ ከሆነ ደረቁ ወንዝ ሳይታሰብ ሞልቶ ይመጣል። ደጋው ላይ ደመና ካያችሁ ከወንዙ ውጡ። የአካባቢውን ሰው ማስፈቀድ፣ ከቀበሌውና ከጸጥታ ሰዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገርም ዋናው ነገር ነው። በዚህ ጊዜ ሰባት ሞተር በአንድ ላይ ሲሄድ የሚያይ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል አልነግራችሁም። ፈጣሪ ሰላሙን ያውርድልን እንጂ። ካልተፈቀደ ቀኑ ይዛወራል፣ አለቀ።

አምስተኛ፣ የክፉ ቀን። ቁስል ማጠብና ስብራት ማሠር የምትችለው ጤና ሠራተኛችን ከኛው ጋር ናት። አንድ ባጃጅ አስፋልቱ ዳር ይቆማል። ማን ወደ ሆስፒታል እንደሚሸኝ፣ ለማን ቤተሰብ ማን እንደሚደውል አስቀድመን ተከፋፍለናል። ማሟረት አይደለም፣ ዝግጅት ነው።

ቀኑን የምናሳልፈው እንዲህ ነው። ጠዋት የመጀመሪያው ትምህርት የወደቀ ሞተር ማንሳት ነው። ጀርባን ለመቀመጫው ሰጥቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ በእግር እየገፉ ወደ ኋላ መራመድ። ወገብ አጉብጦ የሚያነሳ ሰው ማክሰኞ ከአልጋ አይነሳም። ቀጥሎ እጅግ ቀስ ብሎ በአንደኛ ማርሽ በፍሪሲዮን ብቻ መንዳት። ከዚያ መርገጫው ላይ ቆሞ መንዳት። ብዙ ሰው ለታይታ ይመስለዋል። ስትቆሙ ግን ክብደታችሁ ከመቀመጫው ወደ እግር መርገጫው ይወርዳል፣ ሞተሩ ከሥራችሁ እንደፈለገ ሲወዛወዝ ጉልበታችሁ ይቀበለዋል፣ መንገዱም አሻግሮ ይታያችኋል። ዓይን ሩቅ ይሁን። ድንጋዩን ካፈጠጣችሁበት ድንጋዩ ላይ ትወጣላችሁ።

ከዚያ ፍሬን ነው፣ የኔ ትምህርት። ትንሽ ፊዚክስ ታገሡኝ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። አህያዋን አይቶ እጁ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት 11 ሜትር ገና ፍሬን ሳይዝ ሄዷል። ደረቅ አስፋልት ላይ ከዚያ በኋላ በ8 ሜትር ገደማ ሊቆም ይችላል። ጠጠር ላይ ሰበቃው በግማሽ ቢቀንስ 16 ሜትር ይፈልጋል። ሲደመር 27 ሜትር። የኔዎቹ አህዮች 27 ሜትር አልሰጡኝም። ፍጥነቱን ወደ 20 ብናወርደው ግን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው የመቆሚያ ርቀት በግማሽ ሳይሆን በአራት እጥፍ ነው የሚያንሰው። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ እንዳለ፣ የፊቱ በሁለት ጣት ቀስ እየተጨመቀ ከኋለኛው ጋር ነው። ይህን በአንድ ከሰዓት ሃያ ጊዜ ብደጋግመው ኖሮ እጄ አይሰበርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

መጨረሻ ላይ ቁልቁለትና ውሃ። ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ መንሸራተት ራስን ማጥፋት ነው። ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣውን ጠመዝማዛ የምታውቁ፣ ከዚያ ላይ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ልጅ አይታችሁ ይሆናል። ውሃ ደግሞ መጀመሪያ በእግር ይገባበታል። በእግር ያልገባችሁበት ውሃ ውስጥ በሞተር አትገቡም።

ይኼው ነው። አንድ ቀን፣ ለአንድ ሞተር ጥቂት ሊትር ቤንዚን፣ ምሳ በጋራ።

አሁን ወደ ኃላፊዎች ልዙር። አንድ ባለሙያ ሞተር ሲረከብ ሞዴል 22 ላይ ይፈርማል። ሞተር 1፣ ቁልፍ 2፣ የመፍቻ ዕቃ 1 ስብስብ፣ ከተገኘ ሄልሜት 1። ችሎታውን ግን የፈረመበት ሰነድ የለም። ሞተሩ ሲሰበር ግምገማ አለ፣ ከደመወዝ ቁረጡ የሚባል አለ። ሰውየው ሲሰበር «እግዜር ይማርህ» ነው። እኔ የምለው ሞተር የሚሰጥ ማንኛውም መሥሪያ ቤት፣ የመንግሥትም ሆነ መንግሥታዊ ያልሆነ፣ ያችን አንድ ቀን የርክክቡ አካል ያድርጋት። ያልሠለጠነ ሰው አይፈርም፣ አይረከብ።

የምታውቁትን መልስ አውቀዋለሁ። «በጀት የለም»። ለአንድ ቀን ስብሰባ አበል፣ ውሃና ብስኩት በጀት አለ። ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ የተኛ ባለሙያ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ያልደረሰባቸው ቀበሌዎች ግን ክትባትም ምክርም ሳያገኙ ይከርማሉ። ይህ ወጪ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይታይም እንጂ ወጪ ነው። «እኛ በልምድ ነው የቻልነው» የሚሉም አሉ። ልክ ናችሁ፣ ችላችኋል። ግን ይህን የምትሉት የተረፋችሁት ናችሁ። ያልተረፉት አስተያየት መስጠት አይችሉም።

ሌላም የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ከሰባታችን አንዷ የግብርና ባለሙያ ናት። ሞተር ተመድቦላታል፣ በወረቀት። የፈረመችውም እሷ ናት። የሚነዳው ግን ሌላ ሰው ነው፣ ምክንያቱም «እሷ አትችልም» ተባለ። ማንም ግን አንድ ቀን ቆሞ አላስተማራትም። እሷ በእግሯ ሁለት ሰዓት ትሄዳለች፣ ሞተሯ ከተማ ውስጥ ይዞራል። ስንመዘገብ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ወድቄ ብነሳ ትስቃላችሁ?» ብላ ነው። «እኔ ካንቺ በፊት እወድቃለሁ፣ እኔ ላይ ስቀሽ ትጨርሻለሽ» አልኳት። ልጅቷ አንዲት ቅዳሜ ነው ያጣችው። እንዲህ ያሉ ስንት ሴቶች እንዳሉ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ለባለሞተር ልጆችም አንድ ቃል። እናንተ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ከገደል አፋፍ ያመጣችሁ ናችሁ፣ ማንም ሊንቃችሁ አይገባም። ግን ከኋላችሁ ያስቀመጣችኋት እናት ሄልሜት የላትም፣ ፍሬናችሁ ላይ ብቻ ነው የተማመነችው። መጥታችሁ ብትማሩ እኔ በግሌ ደስ ይለኛል፣ ክፍያ የለውም።

ቀኑ ሲቆረጥ እዚሁ እጽፋለሁ። ቦታ ያለን ለሦስት ሰው ብቻ ነው፣ መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሞተር የሌላችሁም መምጣት ትችላላችሁ፣ የሚያነሳን ሰው ያስፈልገናል። የማትጠቀሙበት ሄልሜት ወይም የቮሊቦል ጉልበት መከላከያ ያላችሁ ለአንድ ቀን አውሱን፣ አጥበን እንመልሳለን። ሞተር የሚያድል መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ለኃላፊያችሁ አሳዩልኝ። ከፈለጉ መጥተው ይዩን፤ ወንበር ባይኖርም ጥላ ያለው ዛፍ አለ።

ለእኚያ አባትም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እንዳሉት ሜዳ ላይ ልንሮጥ ነው፣ ትንሽ ዘግይተን ቢሆንም።